ሰፈር የምትሰበስበው ቮልስ

የታቢታ እጆች ከቮልሷ የኋላ መቀመጫ ሥር ገብተው ገመድ ይቋጥራሉ። መቀመጫውን አንስታ ከበሩ ውጪ አጋድማዋለች። ቮልስ ባትሪዋን የምትደብቀው እዚያ ነው፤ እንደ እንቁላል ታቅፋው ትቀመጣለች። ታቢታ አዲሱን ባትሪ በናይሎን ገመድ ግራና ቀኝ ጠፍራ፣ በአውራ ጣቷ ተጭና ቋጠረችው። አላመነችውም፤ ደገመችው።

«ሲስተር፣ እትብት ነው እንዴ እንዲህ የምትቋጥሪው?» አለቻት ጎረቤቷ ካሰች። በርበሬ የተሰጣበት ሰፌድ በእጇ ይዛለች፤ እንደ ወትሮዋ የመኪናዋ ኮፈን ላይ ልታስቀምጠው ነው።

«እትብትማ ቢሆን ማን ይሰርቀኝ ነበር፣ እትዬ ካሰች!»

ሳቁ። ካሰችም በርበሬዋን ኮፈኑ ላይ ዘርግታ ሄደች። በዚያ ሰፈር መኪና የአንድ ሰው ብቻ አይደለችም። ሴቶቹ በርበሬና አተር ያሰጡባታል፤ ወንዶቹ ተደግፈዋት ወግ ይጠርቃሉ፤ መንገደኛ ሽማግሌ እንኳ የጫማውን ክር ሊያስር ሲፈልግ እግሩን ጎማዋን በሚሸፍነው ፓራፋንጎ ላይ ያሳርፋል። ታቢታ ይህን ሁሉ አይታ አንድም ቀን ፊቷን አጥቁራ አታውቅም።

ታቢታ አዋላጅ ነርስ ናት። ከአዋሳ ወጣ ብላ ባለችው ቡሹሎ አጠገብ ከገበሬ ቤት ተወልዳ፣ ከእንሰቱ ጓሮ ወደ ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤት ወደ ክሊኒክ የሄደች፣ አጭር፣ ደንደን ያለች፣ ስትስቅ ትከሻዋ የሚስቅ ሴት። ነጭ ቮልሷን የተወችላት ሥራውን ያስተማረቻት የውጭ አገር ነርስ ናት። ሴትዮዋ በደርግ ዘመን መጀመሪያ ወደ አገሯ ስትሄድ ቁልፉን እጇ ላይ አስቀምጣ፣ «እጆችሽ በሰዓቱ እንዲደርሱ» አለቻት። ከዚያ ወዲህ የአዋሳ ሴት ምጥ በያዛት ቁጥር ቤተሰቡ መጀመሪያ የሚያየው ቮልሷ በታቢታ በር ላይ መቆሟን ነው።

ታዲያ ባትሪው ተሰረቀ። አንድ ጊዜ አይደለም፤ ሁለት ጊዜ።

በመጀመሪያው ጊዜ ቡሹሎ ያለች ብርቅዬ የምትባል ሴት ምጥ ይዟት ሰው ተላከ። ታቢታ ቁልፉን ብታዞር ብታዞር መኪናዋ ጭጭ። መቀመጫውን ብታነሳ ባዶ ጉድጓድ። ጋሪ ተሳፈረች። ፈረሱ ጭቃው ውስጥ እየዳከረ፣ ባለጋሪው «አይዞሽ ሲስተር» እያለ፣ እሷ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ ይዛ። ስትደርስ የሕፃኑ ራስ ወጥቶ፣ እትብቱ አንገቱ ላይ ተጠምጥሞ ነበር። እጇ ፈጣን ነው፤ ልጁ አለቀሰ። ሁሉም እልል ሲል ግን እሷ ደጅ ወጥታ አጥሩን ይዛ ቆመች።

አሁን የሚያስፈራት ደግሞ ሌላ ነው። የካሰች ልጅ ሙሉጌጥ ወሯ ገብቷል። የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ ደም አልቆም ብሏት ለጥቂት ተርፋለች፤ ሐኪሙም «ሁለተኛውን ልጅ ቤት ውስጥ እንዳትሞክሩ፤ ምጡ እንደጀመረ አምጧት» ብሎ አስጠንቅቋል። ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ አንዴ ሞያሌ፣ አንዴ አሰብ። በሰፈሩ ያለችው መኪና የታቢታ ቮልስ ብቻ ናት። ባትሪው ለሦስተኛ ጊዜ ቢሄድና ያ ቀን የሙሉጌጥ ቀን ቢሆንስ?

ለዚህ ነው ገመዱን ቋጥራ ስትጨርስ፣ መቀመጫውን መልሳ ቀጥ ብላ ወደ ፒያሳ የነዳችው።

የመለዋወጫ ነጋዴው አቶ ደረሰ ከመደርደሪያው ሥር ሁለት ካርቶን አወጣ። በሞያሌ በኩል የመጡ ናቸው፤ እንዴት እንደመጡ አይጠየቅም።

«ሲስተር፣ ሌባ የሚያስጮህ ነገር ነው የሚፈልጉት አይደል? ይኸውልዎት። ይሄኛው በር ሲከፈት ይጮኻል። ቀላል ነው፣ ጭቅጭቅ የለውም። ያኛው ግን ጉድ ነው! በር ሲከፈት ይጮኻል፤ ኮፈን ሲነሳ ይጮኻል፤ መኪናዋ ስትነቀነቅም ይጮኻል። መነቅነቅ የሚያውቅ ነገር አለው። ዝንብ ብታርፍባት የሚነግርዎ እሱ ነው።»

«ከዝንብ ጋር ጠብ የለኝም፣ አቶ ደረሰ። አንድ ነገር ልጠይቅዎት። እኔን የሚሰርቁኝ ባትሪዬን ነው። ሌባው መጀመሪያ ባትሪውን ከነቀለው፣ ይሄ በምን ጉልበት ነው የሚጮኸው?»

ደረሰ ጭንቅላቱን አከከ። ቀላሉን ካርቶን ፈታው፤ የሚጮኸው ከመኪናዋ ባትሪ በሚመጣ ሽቦ ብቻ ነው። ሁለተኛውን ፈታው። ከሳይረኑ ጀርባ እንደ ሬዲዮ ክዳን ያለው ቦታ አለ፤ የባትሪ ድንጋይ የሚገባበት።

«እንዲያውም ይኸው!» አለ እፎይ ብሎ። «የመኪናዋ ባትሪ ቢነቀል በራሱ ድንጋይ ይጮኻል።»

«እንግዲያው እሱን ይስጡኝ» አለች ታቢታ። «እኔ በራሱ ሳንባ የማይጮህ ነገር አልቀበልም። ሥራዬ ነው።»

የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ኩማ መናኸሪያ አጠገብ ከአንድ ዋርካ ሥር ነው የሚሠራው። ወሬኛ ነው፤ ከሰው ጋር ብቻ ሳይሆን ከሽቦም ጋር ያወራል። መቀመጫውን ሲያነሳና በናይሎን የተጠፈረውን ባትሪ ሲያይ ፒንሳውን ጣለ።

«ሲስተር! ይሄን ማን አሰረው? ሌባው መጥቶ ይሄን እስኪፈታ እኮ ይነጋል!»

«ስቀህ ስትጨርስ ሥራህን ጀምር።»

መጀመሪያ በመፈተሻ አምፖሉ ባትሪውን ነካካ። የድሮ ቮልሶች ስድስት ቮልት ናቸው፤ ይህች ግን አሥራ ሁለት ናት፣ ዕቃውም የሚፈልገው አሥራ ሁለት ነው። ሳይረኑን ከፊተኛው ኮፈን ሥር፣ ዝናብም እጅም በቀላሉ የማይደርስበት ቦታ በብሎን አሰረው። ሽቦውን ከእግር ምንጣፉ ሥር አሳልፎ፣ በር ሲከፈት የውስጥ መብራት ከምታበራው ትንሽ ቁልፍ ጋር አገናኘው። ለኮፈኑም እንደዚያው ያለ ቁልፍ አደረገለት። ከዚያ የክብሪት ቀፎ የምታህል ሳጥን አወጣ፤ ውስጧ በቀጭን ሞላ ላይ የተንጠለጠለች የብረት ፍሬ አለች፤ በጎኗ ትንሽ ብሎን።

«ይቺ ናት ነገረኛዋ» አለ ኩማ። «መኪናዋ ስትነቀነቅ ፍሬዋ ትወዛወዛለች፤ ስትነካ ያ ይጮኻል። ምንጣፍ ላይ ከለጠፍናት ትተኛለች፤ ብረት ላይ ነው የምትታሰረው። ይቺን ብሎን ስናጠብቅ ጆሮዋ ይቀላል፤ ስናላላ ጆሮዋ ይከብዳል። ምን ላድርጋት?»

«ጆሮዋ ይቅለል። ሁለት ጊዜ ተሰርቄያለሁ።»

«ማብሪያና ማጥፊያውንስ የት ልደብቀው? ሌባ የማያስብበት ቦታ ይንገሩኝ።»

ታቢታ ከመሪው ፊት ያለውን ክሩስኮት አየችው። ሲጋራ አጭሳ አታውቅም፤ የመተርኮሻውን መሳቢያ ከፍታው አታውቅም። «ከዚህ ጀርባ አድርገው» አለች። ኩማም «አዋላጅ መደበቂያ ታውቃለች» ብሎ አደረገው።

ሲጨርስ ማብሪያውን አብርቶ፣ ዕቃው ለመውጫ በሚሰጠው አጭር ፋታ ወጣና በሩን ዘጋ። ጥቂት ጠብቆ ጣሪያዋን በመዳፉ ቸብ አደረጋት።

ቮልሷ ዋይ አለች። አውቶቡስ ላይ ዕቃ የሚጭኑት ቀጥ አሉ። አንዲት ቅርጫት ያዘለች ሴት መንገድ መሐል ቆማ፣ «ውይ ጌታዬ፣ እዚህም ስብሰባ አለ እንዴ?» አለች።

ኩማ እስኪያስለው ሳቀ። ታቢታም ሳቀች፤ ነገሩን ግን ልብ ማለት ነበረባት።

የታቢታ ቀበሌ ድሮ ሰው የሚጠራው ዛፍ ላይ የተሰቀለ የጎማ ቸርኬ በመዶሻ እየመታ ነበር። በቅርቡ ግን የእጅ ድምፅ ማጉያ መጥቶለታል፤ ቀይ ቁልፉን ሲጫኑት ዋይ ዋይ የሚል። ለፋፊው ገብረየስ በየመንደሩ እየዞረ ያንን ቁልፍ ሲጫን ሰው ሁሉ በርጩማውን አንስቶ ወደ አዳራሹ ይሄዳል። አግዳሚ ወንበሩ አይበቃም፤ ከስብሰባ የቀረም ሰው ከቀበሌው ሱቅ ስኳር ሲጠይቅ «የት ነበርክ?» ይባላል። ስለዚህ ዋይታው ሲሰማ እግር ከልብ ቀድሞ ይነሳል። የቮልሷ ዋይታ ደግሞ ከገብረየስ ማጉያ ዋይታ ጋር የአንድ እናት ልጅ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ታቢታ ጓሮ ፀጉሯን ትታጠባለች። ካሰች እንደ ወትሮዋ ሰፌዷን ይዛ መጥታ ኮፈኑ ላይ አሳረፈችው።

ዋይ!

«ኧረ በርበሬ ነው!» አለች ካሰች ለመኪናዋ። «በርበሬ ነው፣ እኔ ነኝ!» መኪናዋ አልሰማቻትም። ሰፌዱ በአንድ በኩል፣ በርበሬው በሌላ በኩል ሄደ፤ ካሰችም ወደ ቤቷ ገብታ በሯን ዘጋች።

ታቢታ የሳሙና አረፋዋን ሳታለቀልቅ ፎጣ ጠምጥማ እስክትደርስ፣ ከመተርኮሻው ጀርባ ያለውን ቁልፍ ፈልጋ እስክታጠፋ ጊዜ ወሰደ። ቀና ስትል ሰፈሩ ጭር ብሏል። አንድ ሰው «ምን ተሰረቀብሽ?» ብሎ አልመጣም። በየደጁ በርጩማ የለም።

«ወይ ጉድ!» አለችና ፎጣዋን እንደጠመጠመች ወደ አዳራሹ ሮጠች።

አዳራሹ ጢም ብሏል። ከፊት ሊቀመንበሩ ጓድ ጉልላት ቆሟል፤ ግማሽ ፊቱ ተላጭቷል፣ ግማሹ ላይ የመላጫ ሳሙና አለ። ጢሙን ሲላጭ ዋይታውን ሰምቶ፣ «ከበላይ መጥተው ሳይነግሩኝ ስብሰባ ጠሩ» ብሎ ደንግጦ ነው የሮጠው። ሲደርስ ሕዝቡ ተቀምጦ ይጠብቀዋል። ሊቀመንበር ደግሞ ለምን እንደተሰበሰቡ ሕዝቡን አይጠይቅም። ንግግር ጀመረ።

«…ስለዚህ ጓዶች፣ ንጽሕና የእኔም የአንተም የአንቺም ጉዳይ ነው!» ይላል፤ ሳሙናው እየደረቀ።

ታቢታ ከበሩ ሥር እጇን አወጣች። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የጠራቻችሁ የእኔ መኪና ናት።»

ከኋላ አንዱ ፍርፍር አለ፤ ከዚያ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ገብረየስ ተነስቶ፣ «እኔም እኮ ማጉያዬን ማን ወሰደብኝ ብዬ አልጋዬ ሥር ስፈልግ ነበር!» ሲል ጭራሽ ባሰ።

ጉልላት በመሐረቡ ሳሙናውን ጠረገ። «ሲስተር ታቢታ፣ ሕዝብ የሚሰበስበው ቀበሌው ነው። ቮልስ አይደለችም።»

«ልክ ነዎት።»

«አስነቅዪው!»

ሳቁ ከታቢታ ፊት ጠፋ። ዓይኗ በሩ አጠገብ በበርጩማ ላይ ሆዷን አቅፋ ወደተቀመጠችው ወደ ሙሉጌጥ ሄደ። ካሰችም ይህን አየች፤ ከኋላ መጥታ ገብታ ኖሯል፣ ጣቶቿ በበርበሬ ቀልተዋል።

«ጓድ ጉልላት» አለች ካሰች፣ «ባትሪው ተሰርቆ ልጄ ምጥ የያዛት ቀን፣ እርስዎ አዝለዋት ሊሄዱ ነው?»

«እኔ ለምን አዝላታለሁ?»

«እንግዲያው መኪናዋን ይተዉልን!»

ሴቶቹ «እውነቷን ነው!» አሉ። ጉልላት ክፉ ሰው አይደለም፤ ግማሽ ፊቱ ሳሙና ሆኖ ሕዝብ ፊት መቆሙ ግን ቆጭቶታል። «ጥሩ» አለ በመጨረሻ። «ድምፅዋን አርሚው። ሌላ ቀን ሕዝብ ከሰበሰበች፣ ሽቦዋን በራሴ መቀስ እቆርጠዋለሁ።»

ታቢታ ሰኞ ኩማ ዘንድ ሄዳ ታሪኩን ነገረችው። ኩማ ብሎኑን በካቻቢቴ አላላ። መኪናዋን ተደገፋት፤ ዝም። ኮፈኑ ላይ ተቀመጠ፤ ዝም።

«ደንቆሮ አደረግካት እንዴ?»

«ኧረ ጨዋ ነው ያደረግኳት! አሁን በርበሬም አተርም ይሰጣባት። ደህና አድርጎ ለመታት ወይም በሯን ለከፈተ ግን አትመለስም።»

ታቢታ ቀናቱን ሁሉ ልቧ ተንጠልጥሎ ሰነበተች። ቢጮህ መቀስ፤ ባይጮህ ሌባ። ጠዋት ስትነሳ ፊቷን ሳትታጠብ መቀመጫውን አንስታ ቋጠሮዋን ትዳስሳለች።

እሁድ መጣ። ገብረየስ እውነተኛውን ማጉያ ይዞ ዞረ፤ እንደ ልማዱ ልክ የጸሎት ሰዓት ላይ። ታቢታ መጽሐፍ ቅዱሷን ትራስ ሥር መልሳ በርጩማዋን አነሳች። ካሰች ልጇን ትታ መሄድ አልወደደችም፤ ሙሉጌጥ ግን፣ «ሂጂ እማዬ፣ ምንም የለኝም። በኋላ ስኳር ሲከለክሉሽ በእኔ ታሳብቢያለሽ» ብላ አስወጣቻት። ሰፈሩ ሁሉ አዳራሽ ገባ።

ስለ ውኃ መውረጃ ቦይ እየተወራ ነው። ማን ይቆፍር፣ በማን ደጅ ይለፍ። ድንገት፦

ዋይ!

አዳራሹ ቀጥ አለ። አንድ ሽማግሌ ጮክ ብለው፣ «ምን ጉድ ነው! ስብሰባ ላይ ሆነን ማን ነው ስብሰባ የሚጠራን?» አሉ።

ዓይን ሁሉ ገብረየስ ላይ ሆነ። ገብረየስ ማጉያውን ከነእጁ ወደ ላይ አነሳው። «እኔ አይደለሁም! ይኸው፣ እዩት!»

«መቀሴን አምጡ!» አለ ጉልላት።

ታቢታ ግን አልሰማችውም። ኩማ ጨዋ አድርጓታል፤ በርበሬ አያስጮሃትም፤ የተደገፈ ሰው አያስጮሃትም። አሁን የመታት ደህና አድርጎ የመታት ነው። ሌባ ነው፤ ወይም ደግሞ… ከበርጩማዋ ተነሳች።

«ሲስተር ታቢታ! ስብሰባው አልተዘጋም!»

«ስብሰባ ይጠብቃል ጓድ፤ ልጅ ግን አይጠብቅም!» ብላ ወጣች። ካሰች ተከተለቻት። ከዚያ ሴቶቹ፤ ከዚያ ወንዶቹ፤ አዳራሹ ውስጥ ጉልላትና በርጩማዎቹ ቀሩ።

ሙሉጌጥ ከቮልሷ ጎን መሬት ላይ ተቀምጣለች፤ ቀሚሷ ርሷል፤ በእጇ የእናቷን ዘነዘና ይዛለች። ተጣርታ ነበር፤ የሚሰማ የለም። አጥር አጥሩን ይዛ መኪናዋ ጋ ደርሳ ተደገፈቻት፤ ዝም። ገፋቻት፤ ዝም። ያን ጊዜ ነው ተመልሳ ከእናቷ ደጅ ዘነዘናውን አምጥታ ፓራፋንጎዋን ያቀመሰቻት።

«ሲስተር፣ መታኋት» አለች እያቃሰተች። «ጎደጎደች። ይቅርታ።»

«እጅሽን ይባርከው!»

ከኋላ አስገቧት፤ ካሰች ልጇን ደረቷ ላይ አስደገፈች። ከሥራቸው ባትሪው በናይሎን ተጠፍሮ ተቀምጧል። ታቢታ ቁልፉን አዞረች። ሞተሩ በአንድ ጊዜ ተነሳ።

«ኧረ ጩኸቱን አጥፊው!» አለች ካሰች።

«ተዪው ይጩህ! መንገድ ይለቀቅልን!»

ለቀቁላቸውም። ባለጋሪዎች ፈረሶቻቸውን ወደ ዳር ጎተቱ። ግን ሌላም ነገር ሆነ፤ በሚያልፉበት ቀበሌ ሁሉ ሰው ከየቤቱ በርጩማውን ይዞ ይወጣል። ፒያሳ ሲደርሱ ቡና ቤት የተቀመጡት ሳይቀሩ ብርጭቋቸውን አስቀምጠው ቆመዋል። ሙሉጌጥ በመስኮቱ አንድ ጎልማሳ ግማሽ ፊቱ ተላጭቶ በርጩማ ተሸክሞ ሲሮጥ አየች፤ ምጧ መሐል ሳቅ ያዛት። «እማዬ፣ ጉልላት… ሌላ ጉልላት!» አለች፤ ከዚያ የእናቷን እጅ ጨመቀች።

ሆስፒታል ደረሱ። ሐኪሙ የፈራው አልቀረም፤ ልጁ እንደተወለደ ደሙ መጣ። ግን መድኃኒቱም ሐኪሞቹም እዚያው ነበሩ። ታቢታ ደረጃው ላይ ከካሰች ጋር ተቀምጣ ጠበቀች፤ የምትይዘው ቋጠሮ ስላጣች የነጠላዋን ጫፍ ስትቋጥር ስትፈታ ቆየች። ነርሷ ወጥታ «ቆሟል፤ ሁለቱም ደህና ናቸው» ስትል ካሰች በደስታ ታቢታን አንቃ ልትገላት ምንም አልቀራት።

ሕፃኑን ሰብስቤ አሉት። ሌላ ስም የሚመጣም አልነበረም።

ሲመለሱ ጓድ ጉልላት ከቮልሷ መቆሚያ አጠገብ ይጠብቃቸዋል። ከኮት ኪሱ የመቀስ ጫፍ ይታያል። ታቢታ እያየችው መቀሱን አወጣ፤ በክር የታሰረ የስኳር ከረጢት ከብብቱ አውጥቶ ክሩን ቆረጠና ለካሰች ሰጣት። «ለአራሷ ነው» አለ። ስለ ሽቦው አንድም ቃል አልተናገረም። ገብረየስ ግን ከዚያ ወዲህ ማጉያውን ሲጫን አስቀድሞ እንዲህ ይላል፦ «ስብሰባ ነው! የሲስተር መኪና አይደለችም፤ ስብሰባ ነው!»

ሌባው? ዳግመኛ አልመጣም። ያን እሁድ እሱም በርጩማውን ይዞ ሮጦ እንደሆነ ማን ያውቃል።

ቮልሷ ላይ የቀረው የዘነዘናው ስርጉድ ነው፤ በግራ ፓራፋንጎ ላይ፣ የሕፃን ጭንቅላት የሚያህል። ላሜራ ቀጥቃጮች ሲያዩዋት እጃቸውን ይበላቸዋል። ታቢታ ግን አንዱንም አላስነካችም። ሰብስቤ አሁን ቆሞ መሄድ ጀምሯል፤ ሲንገዳገድ ስርጉዱን ይዞ ነው ቀጥ የሚለው።

እንግዲህ አዋሳ ስትመጡ፣ ነጭ ቮልስ ከነስርጉዷ ቆማ ብታዩ ደገፍ በሉባት፤ በርበሬም ካላችሁ አስጡባት፣ ቅር አይላትም። «ላቃናልሽ» ግን አትበሏት። ስትጮህ ከሰማችሁም አደራችሁን፣ በርጩማውን አስቀምጡና አስቀድማችሁ ማን እንደጠራችሁ ወጥታችሁ እዩ።